ከአበሻ ሰፈር ሳይርቁ ከአበሻ ሰፈር መውጣት፦ ለአዲስ ገቢዎች ዝርዝር መመሪያ

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ አሥር ዓመት ኖሮ እንግሊዝኛ ሳይናገሩ መዋል ይቻላል። ጠዋት የምትጠጡት ማኪያቶ ከአበሻ ካፌ ነው። ፀጉር ቆራጩ አበሻ ነው። እንጀራው፣ ታክስ የሚሠራላችሁ ሰው፣ መካኒኩ፣ ቤት አገናኙ፣ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ ሁሉም በአማርኛ ነው።

ይኼ ትልቅ ጸጋ ነው። ቀድመው የመጡት ይህን አላገኙም። ከአብዮቱ ሸሽተው የመጡትና አሜሪካ በ1980 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የስደተኞች ሕግ የገቡት ሰዎች ናቸው አዳምስ ሞርጋን በሚባለው የዲሲ ሰፈር የመጀመሪያዎቹን ምግብ ቤቶች የከፈቱት። ከዚያ ወደ ዩ ስትሪት ወረዱ። ኪራይ ሲወደድ ደግሞ ከከተማው ውጭ ያሉትን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያና ፎልስ ቸርች ሞሉ። ከእነሱ በኋላ ዲቪ ደርሶት የመጣ ሰው ያረፈበት ቤዝመንት ሳይቀር በእነሱ ድካም የተገኘ ነው።

ግን ይኼው ጸጋ ሰው ይይዛል። አሥራ አምስት ዓመት ኖሮ ከልጁ አስተማሪ ጋር አምስት ደቂቃ ማውራት የማይችል ሰው አውቃለሁ። ሰነፍ አይደለም። ሁለት ሥራ እየሠራ፣ እየተኛና እየተነሳ ዓመቱ አለፈበት። መልመድ በራሱ ጊዜ የሚመጣ መስሎት ጠበቀ። በራሱ ጊዜ አይመጣም። እንደ መንጃ ፈቃድ ተቀምጠው፣ ቀን ቆርጠው የሚማሩት ነገር ነው።

ጆን ቤሪ የሚባሉ ካናዳዊ የሥነ ልቦና ምሁር ስደተኛ ሁሉ ሁለት ጥያቄ ይገጥመዋል ይላሉ። የራሴን ባህል ልያዝ? ከአዲሱ ማኅበረሰብ ጋርስ ልቀላቀል? ለሁለቱም «አዎ» ያለ ሰው በአብዛኛው የተሻለ ይኖራል። ከታች ያለው መመሪያ ሁለቱንም «አዎ» ለማለት ነው። የጻፍኩት ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲን እያሰብኩ ነው፤ ሲያትል ወይም ዳላስ ያላችሁም ብዙው ይሠራላችኋል።

ደረጃ 1፦ ሰዓት፣ ቀንና ስም (የመጀመሪያው ሳምንት)

የነሱ ሰባት ሰዓት የኛ አንድ ሰዓት እንደሆነ ሁሉም ሰው ያውቃል። ማወቅና መልመድ ግን ለየቅል ናቸው።

የመጀመሪያ ሥራዬ ፓርኪንግ ነበር። አለቃው ደውሎ «ነገ ሰባት ሰዓት ና» አለኝ። የተናገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ የሰማሁት ግን በአማርኛ ነው። ሸሚዜን ተኩሼ፣ ምሳዬን በልቼ፣ በኛ አቆጣጠር ለሰባት ሩብ ጉዳይ ላይ ደረስኩ። ሰውየው የግድግዳውን ሰዓት አየ። ከዚያ ከጠዋት ጀምሮ የሁለት ሰው ሥራ ብቻውን ሲሠራ የዋለውን ልጅ አየ። አልጮኸም። «ኢትስ ኦኬ» ብሎ ወደ ቢሮው ገባ። እኔም «ኦኬ» ካለ ታልፏል ብዬ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ስልኬ አልጠራም።

ከዚህ ሁለት ነገር ተማርኩ። አንደኛው የሰዓቱ ነው። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ከሩም ሜታችሁ ጋር በአማርኛ ስታወሩም ጭምር በአሜሪካ ሰዓት ተናገሩ። ቀጠሮ ሲሰጣችሁ ደግማችሁ ጠይቁ፦ «ሰቨን ኤ ኤም?» በሉ። ማንም አይታዘባችሁም። ሁለተኛው ደግሞ የቁጣው ነው። አገር ቤት አለቃ ሲናደድ ይጮሃል፣ ይወጣለታል፣ ያልፋል። እዚህ ቁጣ ዝም ይላል። ዝም ሲል ነው መጠንቀቅ።

ቀን ሲጻፍ ወር ይቀድማል። 04/07 ማለት ኤፕሪል 7 ነው። የልደት ቀናችሁን ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ስትመልሱ ስህተት ቢገባም እንኳ ፓስፖርታችሁ ላይ ያለውን ብቻ ሁሉም ቦታ ሙሉ። አንዱ ቢሮ ሌላ፣ ሌላው ቢሮ ሌላ ቀን ከያዘ ጣጣው ዓመታት ይከተላችኋል።

ስም ላይ ደግሞ የአባታችሁ ወይም የአያታችሁ ስም «ላስት ኔም» ይሆናል። «ሚስተር» ብለው የሚጠሩት አባታችሁን ወይም አያታችሁን ነው፤ ልመዱት። የባልና የሚስት፣ የእናትና የልጅ ላስት ኔም ስለሚለያይ ትምህርት ቤትና ኤርፖርት ላይ ጥያቄ ይመጣል። የልጆቹን የልደት ሰርተፍኬትና የጋብቻ ወረቀቱን ከነትርጉሙ ቅርብ ቦታ አስቀምጡ። ስማችሁ ይከብዳቸዋል ብላችሁ ግን አትቀይሩት። ቀስ ብላችሁ ሁለቴ ጥሩላቸው። ሦስተኛው ላይ ይይዙታል።

ደረጃ 2፦ ሳታውቁ የምትሳሳቱባቸው ወረቀቶች

ይኼን በአጭሩ። አድራሻ ስትቀይሩ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን አሳውቁ፤ ቅጹ «ኤ አር 11» ይባላል፣ በኢንተርኔት ይሞላል።

መንጃ ፈቃድ ስታወጡ ለምርጫ መመዝገብ ትፈልጉ እንደሆነ ትጠየቁ ይሆናል። ግሪን ካርድ ዜግነት አይደለም። መልሱ «ኖ» ነው። ጨዋ ለመሆን ብለው፣ ወይም ጥያቄው ሳይገባቸው «የስ» ያሉ ሰዎች በኋላ ዜግነት ሲጠይቁ ከባድ ችግር ውስጥ ገብተዋል። ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ። ዲሲ ውስጥ ከሆናችሁ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለው የቋንቋ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ የማስተርጎም ግዴታ አለባቸው። አስተርጓሚ መጠየቅ ልመና አይደለም።

ደረጃ 3፦ እንግሊዝኛችሁ ውስጥ «አንቱ»ን ፈልጉ (ከ1ኛው እስከ 6ኛው ወር)

ብዙ ሰው ችግሩ ሰዋስው ወይም አክሰንት ይመስለዋል። እኔ ግን ትልቁ ችግር ሌላ ነው እላለሁ። አማርኛ ትሕትናውን ግሡ ውስጥ ይከታል። «ውኃ ይስጡኝ» ስንል «ይስጡ» የምትለው ብቻዋን ሥራዋን ትጨርሳለች፤ «እባክዎ» ባንል ማንም አይቀየምም። እንግሊዝኛ «አንቱ» የለውም። ትሕትናውን ከውጭ ነው የሚያመጣው፤ በ«ፕሊስ»፣ በ«ኩድ ዩ»፣ በ«ውድ ዩ ማይንድ»። ስለዚህ እኛ በልባችን «ይስጡኝ» እያልን «ጊቭ ሚ ዋተር» ስንል፣ ሰሚው የሚሰማው «አምጣ!» የሚል ትእዛዝ ነው። ፊቱ ይቀየራል። እኛ ደግሞ «ጠላን» ብለን እንሄዳለን።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሦስት አረፍተ ነገር በቃል ያዙ፦ «ኩድ አይ ሃቭ…»፣ «ኩድ ዩ ሄልፕ ሚ ዊዝ…»፣ «ሶሪ፣ ኩድ ዩ ሴይ ዛት አጌን?» ለአንድ ወር የምትፈልጉትን ሁሉ በእነዚህ ጠይቁ። ሰዎች የሚመልሱላችሁ ፊት ሲለወጥ በራሳችሁ ዓይን ታያላችሁ።

ሌላም አለ። እኛ «አዎ» ለማለት አየር ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን፤ «እህ!» የምትለዋን። እዚህ አገር ያ ድምፅ የድንጋጤ ነው። አብራኝ የምትሠራ ሴት «እንዲህ ስትል ምን ሆንክ እያልኩ እደነግጥ ነበር» ያለችኝ ከሰባት ወር በኋላ ነው። ሰባት ወር ሙሉ እኔ እየተስማማሁ እሷ እየደነገጠች ኖረናል። ለፈረንጅ «የስ» በሉ፣ ወይም ጭንቅላት ነቅንቁ።

ዓይን ላይም እንዲሁ ነው። ትልቅ ሰው ሲያናግረን ዝቅ ብለን ማየት አስተዳደጋችን ነው። እዚህ ግን የሚደብቅ ወይም ያልተማመነ ያስመስላል። ዓይን ዓይኑን ማየት የሚከብዳችሁ ከሆነ በሁለቱ ቅንድቦች መሃል እዩ። ልዩነቱ አይታወቅም።

ለመማር የት ይኬዳል? መጀመሪያ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት። ካርዱ በነፃ ነው፤ ብዙዎቹ ጋ እንግሊዝኛ ለመለማመድ ሰዎች በየሳምንቱ ቁጭ ብለው የሚያወሩበት ፕሮግራም አለ። ቀጥሎ «ኢኤስኤል» የሚባለው፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው ላልሆነ ሰው የሚሰጠው ትምህርት በኮሚኒቲ ኮሌጅ፤ ሜሪላንድ ያላችሁ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ፣ ቨርጂኒያ ያላችሁ ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ) አለላችሁ። ለትምህርት ጊዜ የለኝም የምትሉ ሾፌሮች ደግሞ ሬዲዮኑን 103.5 ላይ አድርጉት። ደብሊው ቲ ኦ ፒ የሚባለው የዜና ጣቢያ በየአሥር ደቂቃው ትራፊክና የአየር ሁኔታ ይናገራል። የሚሉት ከሞላ ጎደል ያው ነው፤ የመንገዶቹን ስም ደግሞ ታውቋቸዋላችሁ። ጆሮ የሚከፈተው እንዲህ በመደጋገም ነው። በሦስተኛው ሳምንት ሳታስቡት ትሰማላችሁ። የአየሩን ሁኔታ መስማት ሌላም ጥቅም አለው፤ ፎቅ መውጫው አሳንሰር ውስጥ የሚወራው እሱ ነው።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያውን ክረምት ተዘጋጅታችሁ ጠብቁት

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ወራት ሁሉም ነገር ያምራል። ከዚያ አንድ ቀን ትወድቃላችሁ። ለምን መጣሁ ይመጣል፣ እንቅልፍ እምቢ ይላል፣ የእናት ድምፅ በስልክ ሲሰማ ያስለቅሳል። ይኼ በሽታ አይደለም፤ የደረሰባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ችግሩ ብዙ ጊዜ ከክረምቱ ጋር ይገጥማል። እኛ ዓመቱን ሙሉ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ብርሃን የለመድን ሰዎች ነን። እዚህ ኖቬምበር መጀመሪያ እሑድ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ዲሴምበር ላይ ዲሲ ፀሐይ ከአምስት ሰዓት በፊት ትጠልቃለች። በኛ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ማለት ነው። የማታ ሺፍት የሚሠራ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ፀሐይ ሳያይ ሊያልፍ ይችላል።

ስለዚህ ከኦክቶበር ጀምራችሁ ሦስት ነገር አድርጉ። ደህና ጃኬትና ጫማ ግዙ፤ ብርድ ያስፈራው ሰው ከቤት አይወጣም። ከሥራ በፊት ሃያ ደቂቃ በብርሃን ተራመዱ። ብቻችሁን የምትበሉበትን ቀን ቀንሱ። ሐዘኑ ከሳምንታት በላይ ከቀጠለና ሥራና ምግብ ካስጠላችሁ ግን ሐኪም ጋ ሂዱ። «አብዷል» የሚላችሁ የለም። የሐኪም ምስጢር እዚህ አገር በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ሐኪሙ ከናንተ ፈቃድ ውጭ ለዘመድም ለአለቃም አይናገርም።

ደረጃ 5፦ በሳምንት አንድ ቋሚ ቦታ፣ አበሻ የሌለበት

ከሁሉም የምወደው ደረጃ ይኼ ነው። ወዳጅነት እዚህ አገር በአንድ ቡና አይመጣም። ያው ሰው ያው ቦታ ላይ ደጋግሞ ሲያያችሁ ነው የሚመጣው። አንድ ቦታ ምረጡና በሳምንት አንድ ቀን ሳትቀሩ ሂዱ። የሠፈር የኳስ ጨዋታ፣ የቤተ መጻሕፍቱ የንግግር ክበብ፣ የምግብ ዕርዳታ ማደያ ውስጥ በጎ ፈቃድ፣ የልጆች ቡድን ማሠልጠን፣ የጋራ ጓሮ። ለሦስት ወር ምንም ያልተፈጠረ ይመስላል። በአራተኛው ወር ስትቀሩ «ምነው ጠፋህ?» የሚል ሰው ይኖራል። ሥራ ሲፈለግም ብዙ ጊዜ ጥቆማው የሚመጣው እንዲህ ካለ ላላ ያለ ትውውቅ ነው። የቅርብ ጓደኞቻችሁ የሚያውቁትን ሥራ እናንተም ታውቁታላችሁና።

«ሃው አር ዩ?» ሰላምታ ነው፣ ጥያቄ አይደለም። «ጉድ፣ ሃው አር ዩ?» ብላችሁ እለፉ። በኛ ልማድ የልጆች፣ የእናት፣ የከብቱ ደህንነት ሁሉ ይጠየቃል፤ እነሱ ሳይጠይቁን ሲያልፉ መናቅ ይመስለናል። አይደለም። የነሱ የልብ ጨዋታ የሚመጣው ቆይቶ ነው።

ቤታቸው ሲጠሯችሁ ደግሞ ይኼን አስታውሱ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለታንክስጊቪንግ (ለምስጋና በዓል) የተጠራሁት አንድ አብሮኝ የሚሠራ ሰው ቤት ነበር። ርቦኛል። ሳህኑ ሲመጣ «ኖ፣ ታንክ ዩ» አልኩ። ያደግኩበት ነው፤ እንግዳ መጀመሪያ እምቢ ይላል፣ ባለቤቷ «በሞቴ!» ትላለች፣ እንደገና እምቢ፣ ከዚያ ይበላል። ሴትየዋ ፈገግ ብላ ሳህኑን ለቀጣዩ ሰው አሳለፈችው። ጨካኝ ስለሆነች አይደለም። ቃሌን አከበረች። እዚህ አገር ደግሞ ደጋግሞ ማስገደድ ነው ነውር። የምትፈልጉ ከሆነ በመጀመሪያው «የስ፣ ፕሊስ» በሉ። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ስንት ሰው ይዤ ልምጣ የሚለውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። በተባለው ሰዓት ድረሱ፤ ከአሥር ደቂቃ በላይ ከዘገያችሁ ቴክስት አድርጉ።

እናንተም ቤታችሁ ጥሯቸው። የቡና ሥነ ሥርዓታችን ከማንም ሕዝብ ጋር የሚያስተዋውቅ ሀብት ነው። ጎረቤቶቻችሁን ቅዳሜ ከሰዓት ጥሩ፣ ቡናውን እነሱ ፊት ቁሉ። ጭሱ ግን ማንቂያ ደወሉን እንዳያስጮህ መስኮት ክፈቱ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪጠጣ ስለሚቆይ «ሁለት ሰዓት ይፈጃል» ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ፆማችሁንም አትደብቁ። ረቡዕና ዓርብ «ዛሬ ቪጋን ነኝ» ካላችሁ ወዲያው ይገባቸዋል። ሮመዳንም ሆነ ገና ሲቃረብ አለቃችሁን ከአንድ ወር በፊት በጽሑፍ ጠይቁ። በ1964ቱ (እ.ኤ.አ.) የሲቪል መብቶች ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ፣ ሥራውን በእጅጉ ካልጎዳበት በስተቀር፣ ሃይማኖታችሁን ማስተናገድ አለበት። የኛ ገና ጃንዋሪ 7 መሆኑን ብዙዎቹ አያውቁም። መንገር የናንተ ፋንታ ነው።

ደረጃ 6፦ ጎረቤታችሁ ማን እንደሆነ እወቁ

አገር ቤት ማንም በቆዳው ቀለም ራሱን አይጠራም። እዚህ ከአውሮፕላን ስትወርዱ ጥቁር ናችሁ። ይኼን ለመቀበል ጊዜ የሚወስድባቸው ሰዎች አሉ። «እኛ እንለያለን» የሚሉም አሉ። ይህ አባባል ያሳዝነኛል። አፍሪካዊውም እስያዊውም ወደዚህ አገር በብዛት መግባት የቻለው በ1965 እ.ኤ.አ. በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ በሩ ስለተከፈተ ነው፤ ያ ሕግ የወጣው ጥቁር አሜሪካውያን ደማቸውን ባፈሰሱበት የመብት ትግል ዘመን ነው። ምግብ ቤቶቻችን የተከፈቱበት ዩ ስትሪት ከኛ በፊት «ብላክ ብሮድዌይ» ይባል የነበረ የጥቁሮች ባህል ማዕከል ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ገደማ ዘጠነኛው መንገድ አካባቢ «ሊትል ኢትዮጵያ» ይባል ሲባል አንዳንድ ጥቁር አሜሪካውያን ነዋሪዎች የተቃወሙት ለዚህ ነው። ቅር ቢለንም እውነት ነበራቸው። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ስጡትና ናሽናል ሞል ላይ ያለውን የአፍሪካ አሜሪካውያን ሙዚየም ከልጆቻችሁ ጋር እዩ። መግቢያው ነፃ ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገራችሁ። አገር ቤት ትራፊክ ሲያስቆመን ብዙዎቻችን ከመኪና ወርደን ወረቀት ይዘን ወደ እሱ እንሄዳለን። አክብሮት ነው። እዚህ በፍጹም እንዳትወርዱ። መኪናውን ጥግ አስይዙ፣ ማታ ከሆነ የውስጥ መብራት አብሩ፣ ሁለት እጃችሁን መሪው ላይ አድርጉና ጠብቁ። ወረቀቱ ኪስ ወይም መሳቢያ ውስጥ ከሆነ «አሁን ላወጣ ነው» ብላችሁ ከተናገራችሁ በኋላ ቀስ ብላችሁ አውጡ። ይኼን አዲስ ለገባ ዘመድ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ንገሩ።

ደረጃ 7፦ ሥራ፣ «እኔ» ማለት መማር

ራስን ማወደስ ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። ኢንተርቪው ላይ «ምን ሠራህ?» ሲሉን «ሠራን፣ አደረግን፣ በእግዚአብሔር ፈቃድ» እንላለን። ጠያቂው ደግሞ ይኼ ሰውየ ራሱ ምን ሠራ ይላል። «እኔ ይህን ሠራሁ፣ ውጤቱ ይህ ሆነ» የሚሉ አራት አጫጭር ታሪኮች ጽፋችሁ መስተዋት ፊት ተለማመዱ። ውሸት አይደለም፣ ትዕቢትም አይደለም።

ዲግሪ ያላችሁ ሰዎች ትራንስክሪፕታችሁን ከአገር ሳትወጡ በታሸገ ፖስታ አውጡ፤ ከዚህ ሆኖ ማስላክ ያደክማል። እዚህ እንደ «ወርልድ ኤጁኬሽን ሰርቪስስ» ያሉ ድርጅቶች ይገመግሙታል። የትኛው ድርጅት ተቀባይነት እንዳለው የምትፈልጉትን ኮሌጅ ወይም የፈቃድ መሥሪያ ቤት አስቀድማችሁ ጠይቁ። ፓርኪንግና ታክሲ የተከበረ ሥራ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ አቁሟል። ግን «ለጊዜው» ብላችሁ ከገባችሁ የምትወጡበትን ወር ወረቀት ላይ ጻፉ።

አገር ቤት የሚላከውም ገንዘብ እዚህ ውስጥ ይገባል። በተጠየቃችሁ ቁጥር የምትልኩ ከሆነ ሁለተኛ ሥራ ትይዛላችሁ፣ ሁለተኛው ሥራ ደግሞ ትምህርቱን ይበላዋል። በወር የተቆረጠ መጠን ለቤተሰብ አሳውቁ። መጀመሪያ ይከፋቸዋል። ደመወዛችሁንና ኪራያችሁን በግልጽ ስትነግሯቸው ይገባቸዋል።

ደረጃ 8፦ ልጆች

አገር ቤት ወላጅ ትምህርት ቤት የሚጠራው ልጁ ሲያጠፋ ነው። «ወላጅ ይዘህ ና» ማለት ቅጣት ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን ካልተጠራን አንሄድም፤ አስተማሪ ላይ ጣልቃ መግባት ይመስለናል። እዚህ ተቃራኒው ነው። የማይመጣ ወላጅ ልጁ ግድ የማይሰጠው ይመስላል። በዓመቱ መጀመሪያ ሄዳችሁ ተዋወቁ። በሞንትጎመሪ ካውንቲም ሆነ በአሌክሳንድሪያ ትምህርት ቤቶች ወረቀቶች በአማርኛም ይዘጋጃሉ፤ ለስብሰባም አስተርጓሚ ጠይቁ።

ልጃችሁን ግን አስተርጓሚ አታድርጉት። አንድ ክሊኒክ ተራ ስጠብቅ ያየሁትን አልረሳም። አሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ በእናቱና በነርሷ መሃል ቆሟል። ነርሷ ስለ እናቱ ሕመም ተናገረች። ልጁ ዝም አለ። «ምን አለች?» አለችው እናቱ። «ደህና ነሽ አለች» አላት፣ ጫማውን እያየ። ነርሷ ያለችው ያንን አልነበረም። የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል ሁሉ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊስ» በሉ። በስልክ ያገናኟችኋል።

ሕጉንም እወቁ። አስተማሪና ሐኪም ልጅ ተመቷል ብለው ከጠረጠሩ የማሳወቅ የሕግ ግዴታ አለባቸው። ሜሪላንድ ውስጥ ከ8 ዓመት በታች ያለ ልጅ ቢያንስ 13 ዓመት የሞላው ጠባቂ ሳይኖረው ቤት ወይም መኪና ውስጥ ተዘግቶበት መተው አይቻልም። «ለአምስት ደቂቃ ነው» የሚለው አያድንም።

ቋንቋው ላይ፣ ልጁን በአማርኛ ታናግሩታላችሁ፣ በእንግሊዝኛ ይመልስላችኋል። አትቆጡት፤ ቁጣ ቋንቋውን የቅጣት ቋንቋ ያደርገዋል። እናንተም በተሰባበረ እንግሊዝኛ አትመልሱለት። አንድ ሰዓት ለአማርኛ ብቻ ስጡ፣ ለምሳሌ እራት። ቅዳሜ ለአያት ይደወል፤ ልጅ የሚማረው የሚያናግረው ሰው ሲኖር ነው። ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ፊደል ያስተምራሉ። በየዓመቱ በጁላይ መጀመሪያ ወደሚደረገው የሰሜን አሜሪካ ኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር አንዴ ውሰዱት። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከተማ እየቀያየረ የሚደረግ ነው። ስሙ እንደሱ ያለ፣ እንግሊዝኛው እንደሱ የሆነ፣ እንጀራ የሚበላ የእድሜ እኩያ በሺዎች ሲያይ ከናንተ ምክር ይበልጥበታል።

ደረጃ 9፦ ዜግነትና ከዚያ በኋላ

ግሪን ካርድ በያዛችሁ በአምስት ዓመት ማመልከት ይቻላል፤ ቅጹ ከቀኑ 90 ቀን ቀድሞ ይገባል። እንግሊዝኛና የአገሩን ታሪክ ትፈተናላችሁ። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም፤ ስለዚህ የኢትዮጵያውን ፓስፖርት መመለስ አለ። ያ ቀን ለብዙዎቻችን ደስታና እንባ የተቀላቀለበት ነው። በ1994 ዓ.ም. በወጣው የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 270 የተፈቀደው ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ) ግን ያለ ቪዛ ለመግባት፣ ለመኖርና ለመሥራት ያስችላችኋል። ከመሐላው በኋላ እሱን አውጡ።

ዜጋ ከሆናችሁ ብዙዎቻችሁ ወላጆቻችሁን ታመጣላችሁ። እዚህ ላይ ደረጃ 1 እንደገና ይጀምራል፣ በዚህኛው ዙር ለእናታችሁ። ልጅ ትይዝልናለች ብለን አምጥተን፣ ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ፊት ትተናቸው የምንሄደው እናቶች ነገር ልቤን ይበላዋል። ሰፈር ሙሉ ሰው የሚሳለማቸው ሴት ነበሩ። እዚህ መስኮት ላይ ቆመው መኪና ይቆጥራሉ።

በመጀመሪያው ሳምንት አድራሻውንና የናንተን ስልክ በሁለት ቋንቋ ጽፋችሁ ቦርሳቸው ውስጥ አድርጉ። ድንገተኛ አደጋ ሲደርስ 911 እንዴት እንደሚደወል፣ «አምሃሪክ» የምትለዋን አንዲት ቃል እንዲናገሩ አስተምሩ። በሁለተኛው ሳምንት ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የሚወስደውን አውቶቡስ አብራችሁ ተሳፈሩ። የአውቶቡሱን ቁጥር አስጠኗቸው። ሦስቴ አብራችሁ ሂዱ። በአራተኛው እሳቸው ፊት ይሂዱ፣ እናንተ ከኋላ ተከተሉ። በአምስተኛው ፌርማታው ላይ ቆማችሁ ሸኟቸው።